የኦይታ ሣር ወዴት ሄደ

ፎቶ ላይ ወሬው ያለው ከጀርባ ነው። ከፊት ያለውማ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ የቆመ ሰው ነው፤ ከሱ ምን ይገኛል? ከጀርባ ግን ማን ከማን ጓሮ እንደወጣ፣ የማን አጥር እንደወደቀ፣ የማን ነጠላ ማን ትከሻ ላይ እንዳለ ሁሉ ይታያል። የሠርግ ፎቶ ሲያሳዩኝ እኔ ሙሽሮቹን አልፌ ነው የማየው።

የልጅ ልጄ ክብሩ ግን ስንት ዓመት ተምሮ፣ አርባ ምንጭ ላይ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ፣ ደመወዝ የሚበላው ከጀርባ ያለውን ለማጥፋት ነው። ኃላፊው ስብሰባ ሲኖራቸው በግድግዳ ላይ የሚታየውን ፓወር ፖይንት የሚሠራላቸው እሱ ነው። የሰው ፎቶ ያመጣል፣ ጀርባውን ይልጣል፣ ሰውየውን ብቻ ያስቀርና ከፈለገው ቦታ ይለጥፈዋል። አንድ ጊዜ የኔን ፎቶ ወስዶ ጫሞ ሐይቅ ዳር አቆመኝ። ከኋላዬ አዞ አፉን ከፍቷል፣ እኔ እስቃለሁ። ልጄ ማሚቱ፣ የክብሩ እናት ማለት ነው፣ ያንን አይታ ልጇ ሊቅ እንደሆነ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። እኔ ያየሁት ግን የአዞውን ጥርስ ነው።

እንግዲህ ያን ሰሞን የክብሩ ልብ ያለው ኦቾሎ መንደር ነበር። ቤተልን ወዷል። ቤተል እዚህ ከተማ አስተማሪ ናት፣ በቤተ ክርስቲያናችንም መዘምራን ውስጥ ናት፣ ድምጿም መልኳም እንከን አይወጣለትም። እሷም ወዳዋለች፤ ለምን እንደወደደችው አትጠይቁኝ። የቀረው የአባቷ እሺታ ነው። አባቷ ኦይታ ኦቾሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ሸማ የሚሠራ፣ የአገር ሽማግሌ ነው። አውቀዋለሁ። በወጣትነቱም እንደዚያው ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ ቁጡ፣ ሲስቅ ግን የሚያምር።

ሽማግሌ የሚላከው ለቅዳሜ ነው። ከዚያ በፊት ሐሙስ ዕለት ደግሞ የክብሩ መሥሪያ ቤት የሰላም ቀን የሚባል ስብሰባ አለው። የአገር ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተጠርተዋል፣ ኦይታም ተጠርቷል። ክብሩ አሰበ፤ ሲያስብ ጆሮው ይቀላል፣ እኔ አውቅበታለሁ።

«እማማ» አለኝ፣ «አባባ ኦይታን ግድግዳውን በሚያህል ፎቶ አሳያቸዋለሁ። በሕዝብ ፊት! ሐሙስ ይደሰታሉ፣ ቅዳሜ ልጃቸውን ይሰጡኛል።»

ፎቶውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ባለፈው ክረምት የሁለት መንደር ወጣቶች በግጦሽ ተጣልተው ዱላ አንሥተው ነበር። ኦይታና ጓደኞቹ ከመሐል ገቡ፣ ለምለም ሣር ነጭተው በሁለት እጃቸው ያዙና ተንበረከኩ። በኛ አገር ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እሱን አልፎ የሚሄድ የለም። ወንድሙ የተፈነከተበት እንኳ ዱላውን ያወርዳል። እነዚያም አወረዱ። ከዚያ ዱቡሻ ወጡ፣ ሽማግሌ ከሚቀመጥበት አደባባይ፣ ተነጋገሩ፣ አለቀ። አንድ አስተማሪ በስልኩ ያነሣው ፎቶ ነው አገሩን የዞረው።

ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ፣ ሙቀቱ ሰውን እየቀቀለ፣ ክብሩ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠራኝ። ፎቶውን ከፈተው። እኔ ቀጥታ ወደ ኋላ።

«ይቺ ዘቢደር አይደለችም?»

«የቷ?»

«ይቺ፣ ከዛፉ ሥር። ባሌ ካምባ ሄዷል ባለች ሰሞን የማንን ኮት ነው የደረበችው?»

«እማማ፣ እሷን ተያት። አሁን ትጠፋለች።»

«ለምን ትጠፋለች? ገና አሁን አገኘኋት!»

ሰማኝ? አንድ ነገር ነካ፣ ከሽማግሌዎቹ በቀር ያለው ሁሉ ወይን ጠጅ መልክ ሆነ። ሜዳው፣ ላሞቹ፣ ዛፉ፣ ዘቢደር ከነኮቷ።

«ወይን ጠጅ የሆነው ሁሉ ይወጣል» አለኝ። «ቦታው ባዶ ይሆናል፣ እንደ መስታወት። ከሥሩ ያስቀመጥሽውን ነገር ያሳልፋል። ማሽኑ ሰው የቱ እንደሆነ፣ ሜዳ የቱ እንደሆነ ራሱ ይለያል። ከተሳሳተ እኔ በእርሳሱ 'ይሄን ተው' ብዬ ምልክት አደርግለታለሁ።»

«ተሳሳተ?»

«ይሄ? አይሳሳትም!» አለና ነካው። ዘቢደር በሰላም ሄደች።

ሽማግሌዎቹ ከሥራቸው ባለው ስላይድ ላይ ቀሩ። ስላይዱ አረንጓዴ ነው፣ ለሰላም ቀን ተብሎ የተመረጠ። ከእጃቸውም ላይ አረንጓዴ ይታያል። ማሚቱ ከጓዳ ወጥታ አየችና እንባዋ መጣ። «አማቼን እዩልኝ! ምን የመሰሉ ሰው!» አለች። ገና ልጅቷ አልተጠየቀችም፣ እሷ አማቼ ብላለች። አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ፣ ማን ያያል?

ሐሙስ ጠዋት ኃላፊው አቶ ደግፌ ክብሩን ቢሯቸው ጠሩት። ይሄን ክብሩ በኋላ እያለቀሰ ነው የነገረኝ።

«ይሄ አረንጓዴ ምንድን ነው? ጎመን ማሳ አደረግከው እኮ» አሉት።

«ለሰላም ቀን ነው ጋሼ።»

«አውጣው። በሱ ፈንታ አዲሱን ሕንፃችንን አድርግ። እኔንም ጨምረኝ።»

«እርስዎ… እዚያ ቦታ አልነበሩም እኮ ጋሼ።»

«በሐሳብ ነበርኩ» አሉት።

በሐሳብ የነበረ ሰው ፎቶው ከየት ይመጣል? ክብሩ የሆነ ሆቴል ሲመረቅ የተነሡትን አገኘ፤ ሱፍ ለብሰው፣ አንድ እጃቸውን ኪስ ከተው፣ ፈገግ ብለው። ጀርባቸውን ላጠና ከሽማግሌዎቹ ፊት አቆማቸው። ሌላ ባዶ ቦታ የለም ነበር። አረንጓዴውን አውጥቶ ሕንፃውን አስገባ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አዳራሽ እየገባ ነበር፣ ክብሩም ሽቦ ይዞ ይሮጣል። መለስ ብሎ ያላየው ለዚህ ነው ይላል። እኔ ግን አይቶም ቢሆን የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ሣር ከእጁ ላይ የነበረ ሰው ነው ሣር ሲጠፋ የሚያውቀው።

እኔ ስብሰባ የምሄደው ለምሳው ነው፣ አልደብቅም። ዓሣ ይኖራል ተብሎ ነበር። ከጎኔ የሰፈራችን ባለሱቅ ኸይሩ ተቀምጧል፣ የነጋዴ ተወካይ ተብሎ ተጠርቶ። ሽማግሌዎቹ ፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ኦይታ በራሱ እጅ የሠራውን ጋቢ ለብሶ፣ ከዘራውን በጉልበቱ መሐል አቁሞ። ቤተል ከጎኑ። ማሚቱ ቤተል እንዳታያት ደጋግማ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ማለት እንድታያት።

መጋረጃው ተዘጋ። ፎቶው ግድግዳው ላይ መጣ።

አቶ ደግፌ ሕንፃ አክለው፣ እጃቸውን ኪስ ከተው ቆመዋል። ከፊታቸው ኦይታና ጓደኞቹ ተንበርክከዋል። እጃቸው ተዘርግቷል፣ ባዶ ነው። ለካ ማሽኑ ሣሩንም እንደ ሜዳው ልጦት ኖሯል፣ በመዳፋቸው ላይ ቀዳዳው ያሳልፋል፤ የሕንፃው መስኮት ነው የሚታየው።

ኸይሩ ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብሎ፦

«እማማ፣ ሽማግሌዎቹ ምን እየለመኗቸው ነው?»

ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ግን ጸጥታው ክፉ ነበር፣ ተሰማ።

«የቤት ቦታ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ኧረ ማዳበሪያ ነው! ወረፋ ላይ ናቸው!»

ሳቁ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ? ከዚያ የቤተልን ፊት አየሁና ተውኩ። አቶ ደግፌ ሳቁ የአድናቆት መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ክብሩ ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ፣ ጆሮው ብቻ ሳይሆን አንገቱም ቀልቷል፣ አንዱን ቁልፍ ይነካል፣ ፎቶው ይባስ ይተልቃል።

ኦይታ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ።

«ሣሬ የት ነው ያለው?» አለ።

በከዘራው ወደ ግድግዳው ጠቆመ።

«እኔ ለዚህ ሰውዬ ተንበርክኬ አላውቅም። ፊቱንም ያየሁት ዛሬ ነው።» ብሎ በበሩ ወጣ። ቤተል ተከተለችው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ተነሡ። ምሳው ቀርቦ የሚበላው ሰው ጠፋ። እውነት ለመናገር በጣም አዘንኩ፤ ዓሣው ግን ምን በደለ? በፌስታል አድርጌ ወደ ቤት ወሰድኩት።

ቅዳሜ መጣ። ሽማግሌ እንደሚመጣ ቀድሞ ተነግሯል፣ መቅረት ደግሞ ሌላ ነውር ነው። የተላኩት የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ኢሳያስና ኸይሩ ናቸው። በኸይሩ ፒክአፕ ኦቾሎ ወጡ። እኔ ሽማግሌ አልተባልኩም፣ ግን ያን ዕለት ወገቤን አሞኝ ነበርና ነፋሻ አየር ያስፈልገኝ ነበር።

ኦይታ በሥርዓት ተቀበለን። ቆጮ ከዳጣ ጋር ቀረበ፤ ያ ዳጣ ጆሮ ይከፍታል። ወንጌላዊ ኢሳያስ ረጅም ጸሎት አደረገ፣ ቆጮው እስኪበርድ። ከዚያ ልጅ ለልጅ እንዲሰጥ፣ ዘር እንዲባረክ ብሎ ጠየቀ።

«የጠየቃችሁት መልካም ነው» አለ ኦይታ። «ያ ልጅ ግን ሣሬን አጥፍቶብኛል።»

«ጋሽ ኦይታ» አለ ኸይሩ፣ «ያጠፋው እኮ ኮምፒውተሩ ነው። ልጁ አላሰበውም።»

«እንግዲያው ኮምፒውተሩ ይምጣና ይቅርታ ይጠይቅ። ልጄንም ኮምፒውተሩ ያግባት።»

ቆጮው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ ሳቅና ቆጮ አብረው አይሄዱም።

«እንዳትስቂ!» አለኝ ኦይታ ወደኔ ዞሮ። «ሣር ይዤ ስንበረከክ ለሰላም ነው። ሣሩ ከሌለ ለማኝ ነኝ። ትናንት የመንደሩ ልጆች መጥተው 'አባባ፣ ምን ሰጡህ?' አሉኝ። እኒያው ልጆች! ነገ ዱላ ቢያነሡ፣ እንደገና ብንበረከክ ማን ይቆምልኛል? ሂዱና ንገሩት። እኔን ባዶ እጄን ላስቀረኝ ልጅ ቤተልን አልሰጥም።»

በቃ። ተመለስን። ማሚቱ ስትሰማ አልጋ ላይ ወደቀች፣ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ጠብቃ ነው የወደቀችው።

ክብሩ ግን ሊቅ ነው፣ መላ አያጣም! ላፕቶፑን ከፍቶ ከኢንተርኔት ሣር ፈለገ። ያገኘው የፈረንጅ ሣር ነው፣ ረጅም፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ። ጀርባውን ላጠና በኦይታ እጅ ላይ ለጠፈው። አየሁት። ኦይታ ባሮ ሽንኩርት ታቅፎ ገበያ የወጣ ይመስላል። ጓደኛው መጥረጊያ ይዟል። ክብሩ ይሄን ለቤተል በስልክ ላከላት።

መልሷን እኔ ነኝ ያነበብኩት፣ እሱ ስልኩን ጥሎ ወጥቶ ነበርና። ፊደል በቀስታ ነው የምለቅመው፣ ግን ይቺ አጭር ናት፦ «አባቴ ደግሞ አሁን ጎመን ነጋዴ ሆነ?»

እሑድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ አገኛት። መዘምራኑ ሁሉ ከበው ቆመዋል፣ እኔም ከምሰሶው ኋላ ነጠላዬን እያጣፋሁ ነው።

«ቤተል፣ ሌላ እሠራለሁ፣ የተሻለ…»

«ክብሩ» አለችው፣ ድምጿን ሳታነሣ፣ «አባቴ ፎቶ ተበላሸብኝ አላለም። ሣሬን አለ። ይዘህ ሂድ። ራስህ፣ በእጅህ። ካልሄድክ እኔም አልጠብቅህም።»

ሣር ይዞ መሄድ ቀላል መሰላችሁ? የካቲት ነው! ሜዳው ተቃጥሏል፣ ከብቱ አፈር ይልሳል። በከተማው ሁሉ ለምለም ሣር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የአቶ ደግፌ መሥሪያ ቤት በር ላይ። እኛ ሰፈር ቧንቧው ሳል ብቻ ሲያስል፣ እዚያ ጠዋትና ማታ በጎማ ይጠጣል። «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ታፔላም አለው።

ሰኞ ጠዋት ክብሩ ሱፉን ለብሶ ታፔላውን አልፎ ገባና ተንበርክኮ መንጨት ጀመረ። ዘበኛው ቆሞ አየው።

«ክብሩ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?»

«ሣር» አለው።

ዘበኛውም ብዙ አልጠየቀም፤ የተማረ ሰው ሲያብድ አይቶ ያውቃል።

በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በኸይሩ ፒክአፕ ወጣን። እኔ፣ ማሚቱ፣ ወንጌላዊ ኢሳያስ። ወገቤ አሁንም አልተሻለኝም ነበር።

ኦይታ ከቤቱ ፊት ሸማ ላይ ነው። ክብሩ ከአጥሩ ውጭ ተንበረከከ፣ ሣሩን በሁለት እጁ ዘረጋ። ኦይታ ቀና ብሎ አየው፣ ከዚያ መወርወሪያውን ወርውሮ ሥራውን ቀጠለ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ክብሩ ላቡ ይንጠባጠባል። ማሚቱ ቀሚሷን እያራገፈች ታጉረመርማለች። ወንጌላዊው ዐይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፣ አንዱን ዐይን ብቻ። እኔ ማድ ቤት በር ላይ ነኝ፤ የኦይታ ሚስት ቆጮ አውጥታልኝ፣ እምቢ ማለት ነውር ነው።

ያን ጊዜ የኦይታ ፍየል መጣች። ክብሩን አሸተተችው፣ ከዚያ ከእጁ ላይ ሣሩን ትነጭ ጀመር። ክብሩ እጁን አያነሣ፣ አይነሣ፣ አያባርራት!

«እሽ! እሽ በናትሽ!» ይላል ቀስ ብሎ። «ኧረ ተይ! ቤተልን እየበላሽብኝ ነው!»

ኦይታ መወርወሪያው ከእጁ ወደቀ። ሳቀ። ያ የድሮው ሳቁ ነው፣ ገደሉ ሁሉ መለሰለት።

«ፍየሏ እንኳ ሣር መሆኑን አወቀች!» አለ። መጥቶ የተረፈውን ሣር ከክብሩ እጅ ተቀበለ። መቀበል ማለት በኛ ዘንድ አለቀ ማለት ነው። ማሚቱ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ግን ከለከላት።

«ቆይ። ኸይሩ፣ ስልክህን አውጣ። አንተ፣ ሣሩን መልሰህ ያዝና ተንበርከክ። አንሣው።»

ኸይሩ አነሣው።

«ይሄን» አለ ኦይታ፣ «በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ግድግዳ ላይ ታሳየዋለህ። እኔም እመጣለሁ። ከጀርባው አንዲት ነገር እንዳታጠፋ። አንዲት ነገር ከጎደለች እኔም ቃሌን አጎድላለሁ።»

ቤት ስንደርስ ክብሩ፦

«እማማ፣ ይሄን አቶ ደግፌ ፊት ባሳይ ሥራዬን አጣለሁ» አለኝ።

«ባታሳይስ?»

«ቤተልን።»

«አቶ ደግፌ ምሽት ላይ እግርህን አጥበው ራት ያቀርቡልሃል?»

«አያቀርቡም።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቀኛለህ?»

ቀጣዩ ስብሰባ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ተጠርተው መጡ፤ የማይመጡ መስሏቸው ምሳ የቀነሱ ሰዎች ጉዳቸው ፈላ። መጋረጃው ተዘጋ፣ ክብሩ ከግድግዳው ላይ በሱፉ ተንበርክኮ ታየ፣ ፍየሏ አጠገቡ እያኘከች።

«ይሄ እኔ ነኝ» አለ ክብሩ። «ባለፈው የአባቶችን ሣር ከእጃቸው ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ማንንም እየለመኑ አልነበረም። አቶ ደግፌም እዚያ ቦታ አልነበሩም። የለጠፍኳቸው እኔ ነኝ።»

ኦይታ አጨበጨበ። ከዚያ አዳራሹ። አቶ ደግፌ ግን ፎቶውን ትኩር ብለው እያዩ ነበር፤ ክብሩን አይደለም፣ እጁን።

«ይሄ ሣር… የኛ ግቢ ሣር አይደለም?»

«ነው ጋሼ!» አለ ዘበኛው ከበሩ፣ ለእውነት ታማኝ ሰው።

ከዚያ ወዲያ የሳቁን ነገር ተዉት፤ እኔ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። በሳምንቱ ክብሩ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ሩቅ ወደ ካምባ ተዛወረ። አቶ ደግፌ ሣራቸውን አጠሩት፣ በሽቦ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ኦይታ ለክብሩ ጋቢ ሠራለት፣ ለማሚቱም፤ አሁን በሐምሌም በየካቲትም ለብሳው ትዞራለች። ቤተልም ካምባ ተዛውራ ታስተምራለች።

ያን ፎቶ አሳትመው ቤታቸው ሊሰቅሉት ሲሉ ክብሩ ስልኩን ይዞ መጣ። ለካ በማድ ቤቱ በር ቁልጭ ብዬ እታያለሁ፤ ሁለቱም ጉንጬ በቆጮ ተወጥሮ፣ አንድ እጄ ዳጣው ዕቃ ውስጥ።

«እማማ፣ አንቺን ላጥፋሽ? ለቤት ነው፣ እንግዳ ያየዋል።»

«ሞክራትና!» አልኩት። «ኦይታ ምን ነበር ያለው?»

ተሰቀለ። አሁን ካምባ ቤታቸው የገባ ሰው ሁሉ ክብሩ ለምን ተንበረከከ ብሎ አይጠይቅም አሉ። መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ «ያቺ ከኋላ ያለችው ሴትዮ ምን እየበላች ነው?» ብሎ ነው።